ጎታ፣ ጉድጓድና ጆንያ፦ ቤተሰብ ለክፉ ቀን ሲሰናዳ የኖረበት ታሪክ



ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ አንድ ነገር ተነሥቶ ሳይቋጭ መቅረቱን ታስታውሳላችሁ። ግማሹ ሰው «ዕድሩ ከመጠባበቂያው ገንዘብ ቀንሶ እህል፣ ዘይትና ሳሙና ገዝቶ ያስቀምጥ፤ ነገ ምን እንደሚመጣ አይታወቅም» ሲል፣ ሌላው ደግሞ «ዕድር የቆመው ለቀብር ነው፤ የጓዳ ነገር የየቤቱ ባለቤት ጉዳይ ነው» አለ። ነገሩ ሞቅ እያለ ሄዶ ሰዓቱ ስለመሸ ለሚመጣው ጉባኤ ተላልፏል። እኔም እስከዚያው የአገራችን ሰው ለክፉ ቀን እንዴት ያስቀምጥ እንደነበረ፣ ያስቀመጠውስ መቼ እንደጠቀመውና መቼ እንዳልጠቀመው የማውቀውን ያህል ጽፌ ባቀርብ ለውይይቱ ይረዳል ብዬ አሰብኩ።

እንግዲህ ከዕቃው እንጀምር። የዛሬ ልጆች ጎተራ ሲባሉ የሚመጣባቸው ማሳለጫ መንገዱ ነው እንጂ እህል አይደለም። የሰፈሩ ስም ራሱ የመጣው እዚያ ከነበረው የእህል ማከማቻ መሆኑን ስነግራቸው ይገረማሉ። የገበሬው ጎተራ ግን ከቤት ውጭ የሚቆም፣ ከእንጨትና ከጭራሮ የተጠለፈ፣ በጭቃና በእበት የተመረገ፣ እርጥበትና አይጥ እንዳያገኘው ከድንጋይ ወይም ከእንጨት እግር ላይ የተቀመጠ፣ ላዩም የሣር ክዳን ያለው ነው። ጎታ የሚባለው ደግሞ ከጭቃ ተሠርቶ ከቤት ውስጥ የሚቀመጠው ሲሆን፣ ጭስ ስለሚያገኘው ነቀዝ እንደ ልቡ አይገባበትም። እናቶቻችን የጓዳ ጭስ ዓይናቸውን ቢያጠፋውም እህሉን ይጠብቅላቸው ነበር። ዘር ከሚበላው ተለይቶ በቅል ተደርጎ ከምድጃ በላይ ይሰቀላል፤ ባቄላውና አተሩ ከአመድ ጋር ይታሻል። በገበሬ ቤት ዘሩን መብላት ማለት የመጨረሻው ደረጃ ነው፤ ዘሩን የበላ ሰው ዝናቡ ቢመጣለትም የሚዘራው የለውም።

ሦስተኛው ጉድጓድ ነው። ይሄ በተለይ በሐረርጌ ለማሽላ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሲሠራበት የኖረ ነው። ውኃ በማይቋጥር ደረቅ መሬት ላይ አፉ ጠበብ፣ ሆዱ ሰፋ ተደርጎ ይቈፈራል። ውስጡ እሳት ነዶበት ይደርቃል፣ ይለቀለቃል፣ ገለባ ይነጠፍበታል። እህሉ ከገባ በኋላ አፉ ተከድኖ አፈር ይመለስበታል። ውስጥ ያለው አየር ስለሚያልቅ ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል። በዚሁ ምክንያት ጉድጓዱ ሲከፈት ሰው ወዲያው አይገባበትም፤ ተከፍቶ እንዲናፈስ ይቆያል እንጂ ዘሎ የገባ ሰው በዚያው ይቀራል። ጉድለትም አለው። ከግድግዳው የነካው እህል ይሻግታል፣ ሽታው ይለወጣል፣ ብዙ ከቆየ ለዘር አይሆንም። ታዲያ ይሄ ሁሉ ጉድለት እያለበት ሰው ለምን ጉድጓድ ወደደ ያልን እንደሆነ፣ አንደኛው መልስ ድርቅ ሳይሆን ወታደር ነው። በዱሮ ዘመን ጦር ሲያልፍ ባላገሩ ቀላቢ ነበር፤ የወገን ጦርም ሆነ የጠላት ጦር ከበላ በኋላ ልዩነቱ አይታወቅም። ጎተራ ከሩቅ ይታያል፤ ጉድጓድ ግን ላዩ ላይ ጎመን ተዘርቶበት ሊውል ይችላል።

ደቡቡና ጉራጌው ደግሞ ሌላ ዘዴ ነበረው። እንሰት ያለው ሰው ጎተራው የቆመ ተክል ነው። ዝናብ አንድ ዓመት ቢቀር እንሰቱ አይሞትም፤ ተፍቆ በጉድጓድ፣ በቅጠሉ ተጠቅልሎ የተቀበረው ቆጮም እየቦካ ብዙ ጊዜ ይቆያል፣ እንዲያውም የቆየው ይመረጣል። ስለ ረሃብ ታሪክ የጻፉ ሰዎች የእንሰት አገር ከእህል አገር ይልቅ ድርቅን እንደሚችል ደጋግመው ተናግረዋል።

ከእህል ሁሉ ለማስቀመጥ የሚመቸው ጤፍ ነው። ቅንጣቷ ስለምታንስ ነቀዝ ገብቶ የሚያድርበት ስፍራ የለውም፤ በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ለዓመታት ይቆያል። ስንዴ፣ ማሽላና በቆሎ ግን ነቀዙን አብረው ይዘው ነው የሚገቡት። ከዚህ ሌላ አንድ ባለሙያ ቤት የሚያኖረው ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ በኮረሪማና በኮሰረት የተነጠረ ቅቤ፣ ጨው ነው። ይሄ ሁሉ የበጋ ሥራ ነው። በርበሬው በፀሐይ ይሰጣል፣ ኩበቱና እንጨቱ ሳይዘንብ ይከመራል፣ የዓመቱ ጤፍ አዲሱ ምርት በገባበት በጥርና በየካቲት ይገዛል። ሐምሌና ነሐሴ ጎታው የሚጎድልበት ወራት መሆኑን ሁሉም ሰው ስለሚያውቅ፣ ክረምት ራሱ በየዓመቱ የሚመጣ ትንሽ ክፉ ቀን ነበር ማለት ይቻላል። አባቶቻችን «አደጋ ዝግጁነት» የሚባል ቃል አያውቁም፤ ክረምትን ግን ያውቃሉ።

አሁን ወደ ትልቁ ክፉ ቀን ልለፍ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም ያለው ዘመን ስሙ ራሱ «ክፉ ቀን» ተብሎ ቀርቷል። ጣልያኖች በምፅዋ ወደብ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የከብት በሽታ ገባና አገሩን ጠረገው። ከብቱ ከአሥር ዘጠኙ አለቀ ይባላል። በሬ ሲያልቅ ማረሻው ቆመ። በላዩ ላይ ዝናብ ቀረ፣ አንበጣና ተምች መጣ፣ አይጥም በዛ። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እየቈፈሩ፣ መኳንንቱ «እኛስ ከንጉሡ እንበልጣለን ወይ» ብለው እንዲከተሏቸው ማድረጋቸውን የዘመኑ ታሪክ ጽፎታል። የሞተው ሕዝብ ከሦስት አንዱ ይሆናል ብለው የሚገምቱ አሉ።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ያ ሕዝብ ማስቀመጥ የማያውቅ ሕዝብ አልነበረም። ጎታውም፣ ጎተራውም፣ ጉድጓዱም ነበረው። ነገር ግን የአንድ ቤት ጎታ የሚሠራው እስከሚመጣው መከር ለማድረስ ነው፣ ቢበዛ አንድ የከፋ ዓመት ለመሻገር። ተከታትሎ አራት ዓመት የመጣን ነገር ጎታ አይችለውም። በመጽሐፍ ቅዱስ ዮሴፍ ለሰባቱ ዓመት ያስቀመጠው በፈርዖን ጎተራ ነው እንጂ በእያንዳንዱ ግብፃዊ ጓዳ አይደለም።

ቀጥሎ አድዋ ነው። በ1888 ዓ.ም ክተቱ ሲታወጅ አብዛኛው ዘማች ስንቁን ከቤቱ ይዞ ነው የወጣው። በሶው፣ ድርቆሹ፣ ቋንጣው፣ ቆሎው በአቁማዳና በስልቻ በበቅሎና በአህያ ተጭኖ፣ ሴቶች እህቶቻችንም እየፈጩና እየጋገሩ ያን ሁሉ አገር ተጓዙ። ስለ ጀግንነቱ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ስንቁ ግን የሚጻፈው ጥቂት ነው። ለነገሩ የካቲት 23 ቀን ሊደርስ ሲል የሁለቱም ወገን ስንቅ እየተሟጠጠ ነበር። የጣልያኑ ጄኔራል ባራቲየሪ ቀለብ ሊያልቅበት ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው ወይ መመለስ ወይ መዋጋት ብሎ ወደ አድዋ የተንቀሳቀሰው። የእኛም ሠራዊት ከዚያ በላይ እዚያው መቀመጥ አይችልም ነበር።

ከዚያ በፊት በጥር ወር ደግሞ መቀሌ ላይ የሆነው አለ። ጣልያኖች በእንዳ ኢየሱስ ጠንካራ ምሽግ ሠርተው፣ መድፍና ጥይት ይዘው ተቀምጠው ነበር። ምንጩ ግን ከምሽጉ ውጭ ነው። በእቴጌ ጣይቱ ምክር ምንጩ ተያዘባቸውና ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይተው ምሽጉን ለቀው ወጡ። ጥይት ይዘው በውኃ ተሸነፉ። እኔ ይሄን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር የሚገርመኝ፣ እኛ ዛሬ «ለክፉ ቀን» ስንል ሁልጊዜ ስለ ጤፍና ዘይት ማውራታችን ነው። ሰው ያለ ምግብ ብዙ ቀን ይቆያል፤ ያለ ውኃ ግን ሦስት አራት ቀን ነው። እናቶቻችን ጋንና እንስራ ሞልተው ያድሩ የነበረው ወንዙ ሩቅ ስለነበረ ነው፤ ቧንቧ ከገባ ወዲህ ግን ጋኑ ወጥቶ አበባ ተተከለበት።

ወደ ከተማችን ስንመጣ፣ ለዕድር ሰው ከሁሉ የሚቀርበው የ1911 ዓ.ም የኅዳር በሽታ ነው። ዓለምን ሁሉ ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ በየቤቱ ሰው ጣለ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን እንኳ ታመው ነበር። በዚያ ወራት የተቸገረው ሰው ሁሉ እህል አጥቶ አይደለም። መከር ደርሶ ነበር፤ በየጓዳውም የሚበላ ነበር። የጠፋው የሚያበስል፣ ውኃ የሚቀዳ፣ እሳት የሚያነድ ሰው ነው። አባትም እናትም ልጅም አንድ ላይ ከተኙ በጎታ ያለው ጤፍ ጤፍ ሆኖ ይቀራል፤ እንጀራ አይሆንም። የሞተውንም የሚቀብረው ጠፍቶ ሬሳ ሳይቀበር ያደረበት ቀን ነበር። ኅዳር 12 ቀን በየዓመቱ ቆሻሻ እየሰበሰብን የምናጥነው፣ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው፣ የዚያ መታሰቢያ ነው። ስለ ዕድር አጀማመር የሚጽፉ ሰዎች የተለያየ ነገር ይላሉ፤ እኔ በዚያ ክርክር አልገባም። ሆኖም ያን ጊዜ ያየ ሰው ጎረቤት ማስፈለጉን የሚያስረዳው ሌላ አስተማሪ አያሻውም ነበር።

የጣልያንን ዘመን ባጭሩ አልፈዋለሁ። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ ከወጡ በኋላ ጣልያን እስኪገባ ድረስ ከተማው ተዘረፈ፣ ተቃጠለ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም ደግሞ ፋሺስቶቹ የሣር ቤቶችን ከነሰዉ አነደዱ። ቤት ሲነድ ጎታም አብሮ ይነዳል፤ በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

በ1965ና በ1966 ዓ.ም ወሎ ላይ የደረሰውን ከእኛ መካከል በዕድሜ የገፉት ያስታውሱታል። ስለዚህ ረሃብ አማርትያ ሴን የሚባሉ የህንድ ተወላጅ የኢኮኖሚ ሊቅ የጻፉትን ሰው ተርጉሞልኝ ሰምቼ ብዙ አስቤበታለሁ። በደሴ ገበያ የእህሉ ዋጋ ያን ያህል አልናረም ነበር ይላሉ። እህሉ አለ፤ የመግዣው ገንዘብ ግን የለም። ከብቱ የሞተበት፣ ከምርቱ ላይ ለባለመሬቱ የሚያካፍል እኩል አራሽ፣ ማስቀመጡን ቢያውቅበትም ምኑን ያስቀምጣል? «ባላገሩ ስላላስቀመጠ ተራበ» የሚሉትን ሰዎች ስሰማ የምናደደው በዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ ነው መንግሥት የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ያቋቋመው፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያም የአስቸኳይ ጊዜ የእህል መጠባበቂያ የሚባል ነገር ተጀመረ። ቢሆንም የ1977 ዓ.ም ረሃብ ከዚያ ሁሉ በላይ ሆኖ መጣ።

በከተማችን ማስቀመጥ የሚለው ቃል ትርጉሙ የተለወጠው በደርግ ዘመን ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም አዋጅ ቀበሌዎች ተቋቋሙ፣ የኅብረት ሱቅም ተከፈተ። ስኳሩ፣ ጨዉ፣ ሳሙናው፣ ጤፉ በደብተርና በኩፖን፣ በቤተሰብ ቁጥር ሆነ። ያኔ እኔ ወጣት ስለነበርኩ የቤታችን ተሰላፊ እኔ ነበርኩ። ሌሊት ተነሥቶ ድንጋይ ወይም ዘንቢል አስቀምጦ ተራ መያዝ ነው፤ ድንጋዩ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ ተራ አይሰረቅም ነበር ማለት ግን አይደለም! ስኳር ሲገኝ የማይጠጣውም ይገዛል፤ ምክንያቱም ነገ በሳሙና ይለወጣል። ከክፍለ ሀገር ዘመድ ጋር የሚመጣ ጤፍ በየኬላው ይፈተሻል፣ ይወረሳልም። «አከማቸ» የሚለው ቃል ከ«ኢኮኖሚ አሻጥር» ጋር ተጋብቶ ስለነበረ፣ አንዲት እናት ለዓመት ቀለቧ ብላ የገዛችው ኩንታል ጤፍ እንደ ሌባ ዕቃ ከአልጋ ሥር ይገባ ጀመር።

በእውነቱ ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም። ነጋዴ እስኪወደድ ብሎ መጋዘን የሚዘጋው በሰው ረሃብ ሊያተርፍ ነው። ባለቤት የሚያስቀምጠው በክረምት ለሰው ሸክም እንዳይሆን ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው በጊዜው ነው ባይ ነኝ። በጥር፣ ገበያው ሞልቶ ሳለ አንድ ኩንታል የገዛ ሰው ማንንም አልጎዳም፤ ወሬ ተነዝቶ ገበያው በተሸበረበት ቀን ሦስት ኩንታል የሚሸምት ሰው ግን የጎረቤቱን ድርሻ ነው የወሰደው። ለመሆኑ ኬላው የላላው በ1982 ዓ.ም ቅይጥ ኢኮኖሚ ከታወጀ በኋላ ነው።

በግንቦት 1983 ዓ.ም መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ ለጥቂት ቀን ሰው ከቤቱ አልወጣም። ግንቦት 20 ቀን ኢሕአዴግ ገባ፤ በሳምንቱ ግንቦት 27 ቀን ንጋት ላይ የጥይት ግምጃ ቤት ፈንድቶ ከተማው ተናወጠ። በዚያ ሳምንት ምን እንደጠቀመን ብትጠይቁኝ፦ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ አንድ ጋን ውኃ፣ ክብሪት፣ ኩራዝና ላምባ፣ በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ሬዲዮ። ያልፈጨነው ጥሬ ስንዴ ምንም አላደረገልንም። ወፍጮ ቤት ተዘግቷላ።

ቅርቡ የምናውቀው ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም ኮሮና አገራችን መግባቱ ሲነገር፣ ሰው ሁሉ ወደ ሱቅ ሮጠ። ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ እንደ ወርቅ ተሸመተ። የሚገርመው ግን የ1911ዱ ነገር ተገልብጦ መምጣቱ ነው። ያኔ ሰው የሚረዳው ጎረቤት አጣ፤ አሁን ደግሞ ጎረቤቱ ደኅና ሆኖ ሳለ አትጠጋጉ ተባለ። ድንኳናችን ተጣጥፎ ተቀመጠ፣ ለቅሶ በሩቅ ሆነ። የዕለት ሥራ የነበራቸው አባሎቻችን ቤታቸው ዋሉ፤ የዕለት ሠራተኛ ደግሞ የሚያስቀምጠው ትርፍ የለውም። በከተማው ማዕድ ማጋራት የተባለው ሲጀመር በኛም መንደር እህቶቻችን ስም ዝርዝር ይዘው ዱቄትና ዘይት ከየበሩ አስቀምጠው አንኳኩተው ይሄዱ ነበር። ከዚያ ዝርዝር ላይ ስማቸው ያልነበረ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት አሮጊት እናት ነበሩ። ጧሪ ልጅ አላቸው ተብሎ ነው የተዘለሉት። ልጁ ግን ውጭ አገር ነው፤ ገንዘብ ይልካል፣ ገንዘብ ደግሞ በር አያንኳኳም። የቤት ሠራተኛቸው ወደ አገሯ ከሄደች ሰንብታ ነበር። እሳቸውን ያገኘናቸው ቧንቧ ጠፍቶ ውኃ ፍለጋ ባልዲ ይዘው ደጅ ሲቆሙ ነው። ጓዳቸው ግማሽ ጆንያ ጤፍ ነበረበት።

ለጉባኤው የራሴን አሳብ ልስጥ። ዕድሩ እህል ገዝቶ ያስቀምጥ የሚለውን አልደግፍም። በጡረታ እስክወጣ የንብረት ክፍል ጸሐፊ ስለነበርኩ መጋዘን ምን እንደሚበላ አውቃለሁ። እህል ገቢው በሞዴል 19፣ ወጪው በሞዴል 22 ተጽፎ፣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ እየወጣ፣ በየወሩ የሚያገላብጠው ሰው ካልተመደበ ለነቀዝና ለአይጥ ነው የሚቀመጠው። የነቀዝ ክኒን እናድርግበት የሚል ሰው ከመጣ ደግሞ እባካችሁ አትስሙት። ከዚያ ክኒን የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል፤ ሰው በሚያድርበት ቤት በጭራሽ አይገባም፣ በየቤታችሁም ብትሆን። እህሉን እያንዳንዱ አባል እንደ አቅሙ በየቤቱ ያኑር፣ ከጥሬው ይልቅ የተፈጨውንና የተቆላውን፣ ከሱም እየበላ እየተካ።

ዕድሩ ማድረግ ያለበት ሌላ ነው። አንደኛ፣ ብቻቸውን የሚያድሩትን፣ የታመሙትን፣ የዕለት ገቢ ያላቸውን አባላት ስም የያዘ መዝገብ በሰላሙ ቀን ይዘጋጅ፤ ልጅ አለው የለውም ተብሎ ሳይሆን፣ ማታ በሩን የሚያንኳኳለት ማን ነው ተብሎ ይጻፍ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ሁለት የቅርብ ጎረቤት ይመደብ። ሁለተኛው ውኃ ነው። ትልልቅ ድስቶች፣ ድንኳን፣ ወንበር፣ የጋዝ መብራት አለን፤ ይሄ ሁሉ እኮ የክፉ ቀን ዕቃ ነው፣ ለለቅሶ ብቻ አይደለም። የውኃ ነገር ግን ጎድሎናል። በዕቃ ቤታችን ያሉት ሁለት የብረት በርሜሎች ናቸው፤ ባለፈው ሰኔ ቆጠራ ስናደርግ አንደኛው ሥሩ ዝጎ አገኘነው፣ ሁለተኛውም ክዳን የለውም። ንብረት ክፍሉ በፕላስቲክ በርሜል ቢለወጡ ስንት እንደሚያወጣ ዋጋ ጠይቆ ለጉባኤው ቢያቀርብ መልካም ነው።